ቁጥሩን ቦኖው ላይ ጻፉልን

የእህቴ ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። የምረቃዋ ዕለት ፎቶ አንሺው "ፈገግ በይ እንጂ!" እያለ ደጋግሞ ለመናት። እሷ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። ጋዋን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ፣ አፏን ዘግታ።

ጥርሷ የበለዘ ነው። ሁለቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቿ ላይ ቡናማ መስመር አግድም ያልፋል። ከጎናቸው ያሉት ደግሞ ኖራ የተረጨባቸው ይመስላሉ። በመፋቂያ ሞከረች። በከሰል ዱቄት ሞከረች። በሎሚና በጨው አሸችው። አልለቀቀም፤ ሊለቅም አይችልም። ቆሻሻ አይደለማ! ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ ሲሠራ ከምትጠጣው ውሃ የተነሣ አብሮት የተሠራ ነው።

አዳማ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ሌላ ከተማ ሄደን አፋችንን ስንከፍት "የናዝሬት ልጅ ነህ አይደል?" የተባልን ብዙ ነን። ለምደነዋል። ይሄ መልመዳችን ነው ብዕር ያስነሳኝ። በቀደም ጎረቤት ቡና ላይ ስለ ውሃ ሲወራ አንድ የማከብራቸው አባት "የጥርስ ነገር ማንን ገደለ? ውሃው ራሱ በጠፋበት ስለ ጥርስ ማውራት ቅንጦት ነው" አሉ። ያኔ ደህና መልስ አልሰጠኋቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቡናውም ገና ሁለተኛ ነበር። አሁን ግን ልመልስላቸው።

ነገሩ ከእግራችን ሥር ነው የሚጀምረው። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የቆምንበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ሶደሬ ወርደን የምንታጠበው ፍል ውሃ ያንን የከርሰ ምድር ሙቀት ያሳየናል። ውሃ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ከድንጋዩ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን እያሟሟ ይይዛል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር። የእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋል። ስለዚህ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ወደ ጀሪካናችን ይመጣል።

ፍሎራይድ በራሱ ጠላት አይደለም። ትንሹ ጥርስን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ክፋቱ ሲበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቋችን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ ቋሚ ጥርሶቹ እየተሠሩ ነው። በእነዚያ ዓመታት የጠጣው ውሃ ዕድሜ ልኩን አፉ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከኖሩት ከመረመሯቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በዚህ ምክንያት ተጎድቶ አግኝተዋል። ይህ ከታተመ ስንት ዓመት ሆነው!

"ማንን ገደለ?" ለሚለው ደግሞ ወንጂ ቅርብ ነው። ከአዳማ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚደረስበት ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በኔዘርላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተቋቁሞ ማምረት የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ሠራተኛው ከየአገሩ መጣ፣ ሸንኮራ ቆረጠ፣ እዚያው ወለደ፣ የጉድጓዱን ውሃ ጠጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ የአንዳንዱ ወገብ መታጠፍ አቆመ። ሐኪሞች መርምረው የአጥንት ፍሎሮሲስ ነው አሉ። ፍሎራይዱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ አከርካሪው እንደ አንድ እንጨት ይሆናል። ሲብስ ነርቭ ይጫንና እግር ይከዳል።

የአባቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ የወንጂ ጡረተኛ ትዝ ይሉኛል። እኛ ቤት ሲመጡ ልጆች ከኋላቸው "ጋሼ!" ብለን ስንጣራ አንገታቸውን አያዞሩም። አይችሉም። እግራቸውን ቀስ ቀስ እያደረጉ መላ ሰውነታቸውን አዙረው ነበር የሚያዩን። እኛ ጨዋታ መስሎን ደጋግመን ከኋላ እንጣራለን። እሳቸው ደግሞ አንድም ቀን ሳይቆጡን ይዞራሉ። ሐኪም ምን እንዳላቸው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንዴ እንዲህ ከሆነ መመለሻ የለውም። መድኃኒቱ በሽታው እንዳይጀምር ማድረግ ነው።

አዳማ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የጉድጓድ ውሃ ጠጪ አይደለችም። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከቆቃ ግድብ በታች ከአዋሽ ተስቦ፣ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የወንዝ ውሃ ፍሎራይዱ ከጥልቅ ጉድጓዱ ያነሰ ነው። አዋሽም የራሱ ጣጣ አለው። የአዲስ አበባን ፍሳሽ የተሸከመው አቃቂ፣ በፋብሪካዎች ጎን የሚያልፈው ሞጆ፣ ሁለቱም መጨረሻቸው ቆቃ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለጥርስና ለአጥንት ግን የአዋሹ ይሻላል።

ችግሩ የአዋሹ በፈረቃ መሆኑ ነው። ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? ወደ ጉድጓድ እንመለሳለን። ቦቴ ይመጣል፣ ጋሪ ጀሪካን ደርድሮ ይመጣል። ሆቴሉ የራሱን ጉድጓድ አስቆፍሯል፣ ግቢው የራሱን። ዳር ዳር ያሉት ቀበሌዎችና ዙሪያ ያሉት የገጠር መንደሮች ደግሞ ድሮም ሌላ ምርጫ የላቸውም። ታዲያ ውሃው ኩልል ያለ ነው። "የጉድጓድ ነው፣ ንጹሕ ነው" እንላለን። እኔም እል ነበር። ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ዓይን ዳኛ ሊሆንበት አይችልም።

በዚህ ላይ የምናውቀው መላ ሁሉ አይሠራም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። ውሃ አጋር ጠብ ማድረግ ለተቅማጥ ነው፣ ለዚህ አይደለም። የተለመደው የቤት ማጣሪያም ደለልና ጀርም እንጂ ይህን አይዝም። የሚሠራ ነገር አለ። የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ከስሎ፣ ተፈጭቶ፣ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዛል። እርግጥ ሰው "የምን አጥንት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው፣ መልሱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ደግሞም አጥንቱ ይጠግባል፤ በጊዜው ካልተቀየረ ማጣሪያ መባሉ ስም ብቻ ነው። መቼ እንደሚቀየር ለማወቅ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ዞሮ ዞሮ ቁጥሩ ጋ እንደርሳለን።

አሁን አንድ ነገር አድርጉ። አጠገባችሁ የታሸገ ውሃ ካለ አንሡት። ያው ሃይላንድ የምንለውን። ወረቀቱን አዙሩት። ከጎን በደቃቅ ፊደል ካልሲየም ይህን ያህል፣ ማግኒዥየም ይህን ያህል፣ ሶዲየም ይህን ያህል ይላል። ብዙዎቹ ላይ ፍሎራይድም አለ፤ ከጎኑ ቁጥር። ፍራንኮ ሰፈር ካለ ሱቅ ገዝቼ ስወጣ ነው ይህን መጀመሪያ ልብ ብዬ ያነበብኩት። መንገድ ዳር ቆሜ አነበብኩት። የታሸገ ውሃ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ምን እንደሚጠጣ ይነገረዋል። ጀሪካን ይዞ ቦኖ ላይ የተሰለፈው አይነገረውም። ይህን ልዩነት ምንም ብዬ ልቀበለው አልቻልኩም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። በየቦኖው፣ በየጉድጓዱ፣ በየቦቴው ሆድ ላይ የፍሎራይዱ መጠን በቀለም ይጻፍ። በትልቁ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። የተለካበት ቀን ከጎኑ ይኑር። የግል ጉድጓድ አስቆፍሮ ለሌላ የሚሸጥም እንዲሁ። ፍሎራይድ እንደ ጀርም ከጠዋት እስከ ማታ የሚገለባበጥ ነገር አይደለም፣ ከድንጋዩ ነው የሚመጣው። በየወቅቱ መለካት ይበቃል። መለኪያው በእጅ የሚያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ከተማችን ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለን። የኬሚስትሪ ተማሪዎች በየሰፈሩ ወርደው ቢለኩ ትምህርትም ነው፣ ለእኛም ውለታ ነው።

"ሌላ ውሃ ለሌለው ሰው ቁጥሩን መንገር ማስጨነቅ ብቻ ነው" የሚል አለ። ይህን ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዝናለሁ፣ አልስማማም። እናት ስታውቅ ትመርጣለች። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ እኮ! ለልብስና ለወለል የሚሆነው አለ፣ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው አለ። ፍሎራይዱ ዝቅ ያለውን ለትንንሾቹ ልጆች ማስቀመጥ ትችላለች። ዱቄት ወተት ለሚጠጣ ሕፃንማ ውሃው ምግቡ ነው። ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮ የሚወርደውን፣ የመጀመሪያውን አስወግዳ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ ልትቀዳ ትችላለች፤ የዝናብ ውሃ ይህ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል። ለጀርሙ ታፈላዋለች። ለሕፃን ሻይ ማብዛቱን ትተዋለች፤ ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው። አቅም ካላት ወተት ትጨምራለች፣ ካልሲየሙ ይረዳል። ይህን ሁሉ ማድረግ የምትችለው ግን ስታውቅ ነው።

በዓይን መፍረዳችን ከውሃም ያልፋል። ከሰሉን እዩት። ውጭ በረንዳ ላይ በፌስታል እናያይዘዋለን። ያ ጥቁር ጭስ ዓይናችንን ሲያቃጥለን ፊታችንን እናዞራለን፣ ሕፃኑን "ራቅ በል" እንላለን። ፌስታሉ ባይኖር ይሻል ነበር፤ ደረቅ ጭራሮ ይበቃል። ከዚያ ከሰሉ ይቀላል። "ጭሱ አልቋል" እንልና ምድጃውን አንሥተን ወደ ቤት እናስገባለን። እጣኑ ይጨሳል፣ ዝናብ ከሆነ በሩ ገርበብ ይላል፣ መስኮቱ ለወባ ትንኝ ተዘግቷል። ይሄኔ ነው አደገኛው ሰዓት። ከሰል ሲቀላ የሚታየው ጭስ ይጠፋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይጠፋም። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ኦክስጅን በደማችን የሚጓዝበትን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል። ቡና ላይ የተቀመጠች ሴት "ራሴን አዞረኝ" ስትል ቡናው ጠንክሮባት ነው እንላለን። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት፣ ፍሙ ሳይጠፋ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ የቀረበትን ዜና ስንት ጊዜ ሰምተናል? ፍሙ ውጭ ይደር። ሰው ማዞር ከጀመረው ወዲያው ወደ አየር ይውጣ፣ ከዚያም ሐኪም ቤት።

ለከሰሉ ማንንም መጠበቅ የለብንም፤ ምድጃውን ማውጣት በእጃችን ነው። ለውሃው ግን አንድ እናት መለኪያ ይዛ አትዞርም። ይህ የሚመለከተው አካል ሥራ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ራሷ እናት ሆናለች። ልጇ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርሶቹ እንደ ሩዝ ነጭ ናቸው። የወተት ጥርሶች ናቸው፤ ቋሚዎቹ ከሥር ገና እየተሠሩ ነው፣ እሷም ይህን ታውቃለች። ቤቷ አንድ ጀሪካን ለብቻው አለ። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። የቧንቧው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው፤ ከእሱ ማንም ቡና አያፈላም።

ባለፈው ሳምንት የቧንቧው ስድስት ቀን ጠፋ። ቀይ ጨርቅ ያለው ጀሪካን ባዶ ሆነ። ባለ ጋሪው በር ላይ ሲደርስ ልጇን አዝላ ወጣች።

"ወንድሜ፣ ስንት ነው?" አለችው።

ዋጋውን ነገራት።

"እሱን አይደለም" አለች። "ፍሎራይዱ።"

ባለ ጋሪው መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ጀሪካኖቹን ዞሮ አየ። ከየትኛው ጉድጓድ እንደቀዳ ነገራት። ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።