መልሱ

አሥረኛ ክፍል ስንገባ የማያስፈራን ትምህርት አማርኛ ብቻ ነበር። አፍ የፈታንበት ቋንቋ ነዋ! ፊዚክስ ቢጥለን ያምርበታል፣ አማርኛ ግን በምን አንጀቱ?

ይህ ሁሉ ጉራ የሥነ ጽሑፍ ምዕራፍ እስኪመጣ ነው።

ክፍላችን ውስጥ ስልሳ ምናምን ነን። የመማሪያ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው፤ ዴስኩም ለሦስት አንድ። ዳር የተቀመጠው የግራውን ገጽ ያነባል፣ ሌላው ዳር የቀኙን። መሐል የተቀመጥኩት እኔ የሁለቱን ገጽ ስፌት አነባለሁ።

መምህራችን ጠመኔ አንስተው ይጽፋሉ። ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ጭብጥ። (መቼት እንኳ አትከፋም። «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዷት ናት። ከምዕራፉ ሁሉ በፍቅር የተገኘች እሷ ብቻ ናት።) እኛ እንገለብጣለን። ደወል ይደወላል።

ታሪኩስ? ታሪኩማ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የተቀነጨበ ሁለት ገጽ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በቅጡ ሳይተዋወቁ ቅንጫቢው አለቀ። ከሥሩ መልመጃ አለ፦ «የልብ ወለዱ ጭብጥ ምንድን ነው?» እንግዲህ ከመቀነቱ ቀለም ተነስቶ ሰርጉ ምን ይመስል እንደነበር መናገር ነው። ሁላችንም «ፍቅር» ብለን ጻፍን። ርዕሱ ላይ አለ አይደል? ግማሽ ማርክ አገኘን።

አባቴ ያን መጽሐፍ በሬዲዮ ነው የሚያውቀው። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር ይላል። ደብተሬን ሳገላብጥ አየኝና ፊቱ በራ።

«ጉዱ ካሳን ደረሳችሁበት?»

«አዎ፣ ንዑስ ገጸ ባሕርይ ነው።»

«ምን?»

«ንዑስ ገጸ ባሕርይ። ዋናዎቹ በዛብህና ሰብለ ናቸው።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። የገዛ ወንድሙን የሰደብኩበት ነበር የሚመስለው። «ጉዱ ካሳ ንዑስ ከሆነ እኔ ምንድን ነኝ?» አለና ወጥቶ ሄደ። ትክክለኛው መልስ «አጃቢ» ነበር፤ ደግነቱ አልጠበቀም።

ዘይቤ ስንማር ደግሞ ባሰብኝ። እናቴ «ሞቼልህ፣ አንድ ጉርሻ!» ስትል «ግነት» እላለሁ። የጎረቤታችን ጣሪያ አለቀሰ ሲባል «ሰውኛ»። «እንደ አባትህ ግትር ነህ» ስባል «ተነጻጻሪ»። አንድ ቀን እናቴ «ጎበዝ ልጄ፣ እንዲህ ነው እንጂ መማር!» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ምጸት መሆኑ የገባኝ ማታ እራት ሳጣ ነው።

ከዚያ ሰምና ወርቅ መጣ። በዚህ መሐል የሦስታችን መጽሐፍ ጠፍቷል። በእኔ ተራ ነው የጠፋው፤ ኳስ ሜዳ የጎል ምሰሶ ሆኖ ሲያገለግል ነበር፣ ጨዋታው ሲያልቅ ኳሱን ብቻ ይዤ ገባሁ። ለወር ያህል ማስመሰል ነው የያዝነው። መምህር ጥያቄ ሲወረውሩ አጎንብሰን ደብተር እናያለን። የመጻሕፍት ክፍሉ ሰውዬ በመስኮት ሲያልፉ ደግሞ ጠቅላላ እንሰወራለን።

«እያንዳንዳችሁ ሕብረ ቃል፣ ማለትም ሰምም ወርቅም የሚሆን አንድ ቃል፣ ያለበት ሁለት ስንኝ ጽፋችሁ ኑ» ተባልን። ሌሊቱን አንጀቴን ነካኝና ጻፍኩ። በማግስቱ ተነስቼ አነበብኩ፦

መጽሐፉ ጠፍቶብን ስንፈልግ ከቤቱ፣
መልሱ ይሉናል መምህር በጠዋቱ።

ክፍሉ አጨበጨበ። መምህር ፈገግ አሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ስንኙን ሰሌዳ ላይ ጻፉትና «መልሱ» የሚለው ሥር አሰመሩ።

«ሰሙ?»

«ጥያቄውን መልሱ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ወርቁስ?»

ጓደኛዬ ጎኔን በክርኑ ደሰቀኝ። እኔ ግን በጭብጨባው ሰክሬያለሁ። «የወሰዳችሁትን መጽሐፍ መልሱ ማለት ነው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ጸጥ አለ። መምህር ጠመኔውን አስቀመጡ። እጃቸውን አራገፉ።

«ቅኔው ግሩም ነው። አሥር ከአሥር» አሉ። «አሁን ውጣና ወላጅ ይዘህ ና።»

አባቴን ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፦ «ጉዱ ካሳም አብሮ ጠፋ?»