ዘራፍ! እንጀራ አቆምኩ

ጎጃም የጀግና ድሃ ሆኖ አያውቅም። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግቷል። የዘንድሮው ጀግና ደግሞ የሚዋጋው ከእንጀራ ጋር ነው፤ ዘመቻውም አራት ቀን ይፈጃል። ወኔው ግን ያው ነው።

እኔ በምሠራበት ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ ቢሮ እንዲህ ያለ ጀግና አለን። ስሙን አልጠራም፤ ጉራ የማይወድ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ያውጃል። «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ የለም! ሽሮ የለም! ቁርስ የለም! ራት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም!» እኛም እናጨበጭባለን። ፉከራ ያለ አጨብጫቢ አይደምቅማ። እኔም ከዳር መቅረት አሳፍሮኝ ይህችን ገጠምኩለት፦

ዘራፍ!
እንጀራን የጣለ፣ ሽሮን የገረፈ፣
ሰኞ የዘመተ፣ ሐሙስ ላይ ያረፈ!

ጠላት አመራረጡን ሳላደንቅ አላልፍም። ለስላሳን አልነካም። 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ ወደ 35 ግራም ስኳር አለ፤ እሱ ግን «ፈሳሽ ምን ያደርጋል?» ብሎ ማረው። ዘይትንም ማረው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ቢሆንም ድምፁ አይሰማም። ወዳጅ መስሎ ወጥ ውስጥ ተኝቷል። የተነሣበት የብቸና ጤፍ ነው። ምን እንዳደረገው እንጃ። ጤፍ ከነቅርፊቱ ተፈጭቶ የሚበላ፣ ቶሎ የሚያጠግብ እህል ነው። ከምስርና ከጎመን ጋር ሲሆን የውጭ አገር ሰው በውድ ገዝቶ የሚበላው ምግብ ነው። እኛ ዘንድ ግን የቦርጭ ሁሉ ተጠያቂ እሱ ሆኖ ተገኘ።

እንጀራ ያቆመ ሰው ታዲያ አየር አይበላም። ረፋድ ላይ ዳቦ በሻይ ይቀምሳል፤ «ዳቦ እንጀራ አይደለም።» ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለው። አሥር ሰዓት ላይ ስፕሪስ ጁስ ይጠጣል፤ «ፍራፍሬ ነው።» አቮካዶው፣ ማንጎው፣ የተጨመረው ስኳር፣ ከላይ የፈሰሰው ቪምቶ፣ ሁሉም ከዛፍ የወረዱ ናቸው።

ረቡዕ የድል ቀን ነው። አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። እሱ ጋ በባጃጅ ሄድን። መንገዱ በእግር ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ግን ጀግና ጉልበቱን መቆጠብ አለበት። ጫማውን አወለቀ። ጃኬቱን አወለቀ። ቀበቶውን ፈታ። ሞባይሉን፣ ቁልፉን፣ የኪሱን ሳንቲም ለእኔ አስያዘኝ። ትንፋሹን ጨርሶ አስወጣና ሚዛኑ ላይ ወጣ። ልጁ አጎንብሶ አነበበ። «ከእሁዱ ሁለት ኪሎ ቀንሰዋል ጋሼ» አለው። ጋሼ ለልጁ ጉርሻ ጨመረለት። ለራሱ ግን ገና አልጎረሰም።

እኔ ክፉ ሰው ስለሆንኩ ማታ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ሁለት ኪሎ 15,400 ይሆናል። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ወንድ በቀን የሚያቃጥለው ቢበዛ 2,500 ገደማ ነው። ከእሁድ እስከ ረቡዕ 7,500 ማለት ነው። እህል የሚባል ባይቀምስ እንኳ አንድ ኪሎ ስብ አይሞላም ነበር። የቀረው ታዲያ ምንድን ነው? ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀመው ስኳር በያንዳንዱ ግራም ላይ ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ራት ሲዘለል ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። አንድ ማታ ጠግበው ሲበሉ ተመልሶ ይገባል። ይህን ለጀግናው አልነገርኩትም። ድል ላይ ያለን ሰው ማን ይናገራል?

ሐሙስ ማታ የሆነውን የሰማነው ከባለቤቱ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማድ ቤት ኮሽ ይላል። አይጥ መስሏት ብትነሣ፣ ባሏ መብራት ሳያበራ ቆሟል። በግራ እጁ የድስት ክዳን፣ በቀኝ እጁ የተጠቀለለ እንጀራ። የቀዘቀዘ ሽሮ ከድስቱ ግድግዳ እየፋቀ ይጎርሳል። «ምን እያደረግህ ነው?» ስትለው፣ «እየቀመስኩ ነው» አላት። መሶቡ ውስጥ አራት እንጀራ ነበር። ጠዋት አንድ ቀረ። ቆሞ የተበላ አይቆጠርም። በጨለማ የተበላማ ጭራሽ እንደ ሕልም ነው።

ቅዳሜ ደግሞ ማኅበር አለ። እዚያ ማን ወንድ ነው እንቢ የሚል? «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» «ካልጎረስክማ ቂም ይዘሃል!» ጠገብኩ የሚለው ስሜት እስኪመጣ ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጀግናችን አምስት ጉርሻና ሁለት ብርጭቆ ጠላ አስተናግዷል። ሆድ መልእክቱን ቢልክም የሚቀበለው የለም። እሁድ ማታ ሚዛኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሰኞ ጠዋት አዋጅ ይነገራል፣ እኛም እናጨበጭባለን። በነገራችን ላይ ይህ ሰው ባለፈው ዓቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤ በአፉ ሳይዞር ሦስት ኪሎ ጨምሮ ፋሲካን ተቀብሏል። ከሳምቡሳና ከድንች ጥብስ ጋር ይህን ያህል መፋቀር ቀላል ተሰጥኦ አይደለም።

አሁን ወደ አሳፋሪው ነገር ልግባ። ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ ከስተዋል። ያለ አዋጅ! አንድ ሰኞ እንኳ ሳይፎክሩ! ምን እንዳደረጉ ተጠይቀው የመለሱት መልስ ለሰሚም አይመች። በቀን አራት ሻይ ይጠጣሉ፤ ለያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ የነበረውን ስኳር መጀመሪያ ሁለት፣ ከወራት በኋላ አንድ አደረጉት። በቀን ስምንት ማንኪያ ቀረ፣ ወደ 130 ካሎሪ ማለት ነው። በወረቀት ቢሰላ በዓመት ስድስት ኪሎ ይሆናል፤ ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለውም ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ወጡ ላይ ዘይቱን በጭልፋ ማፍሰስ ትተው በማንኪያ ለክተው ያደርጋሉ። እንጀራቸውን ይበላሉ፤ ግን መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን ያስቀድማሉ። ከቢሮ ቤታቸው በእግር ይሄዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚለውን እሳቸው የባጃጅ ብር ሲቆጥቡ ይሞሉታል። ማኅበር ላይ ዶሮም ይበላሉ። በማግስቱ «አበላሸሁት» ብለው አያለቅሱም፤ የተለመደውን ይበላሉ። በቃ።

ይህ ምኑ ይወራል? ግጥም አይገጠምበት፣ አይጨበጨብበት። ዓመት ሙሉ የፈጀ ነገር፣ ከዚያም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጀግናችን እንኳ ሰምቶ «እንዲህማ ማንም ይችላል» ብሎ ናቀው።

ቢሮው በሙሉ አላመነም። ግማሹ «የሆነ ነገር ጠጥተው ነው፣ ደብቀውን ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ ፊታቸውን እያየ «ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» ይላል። አንዷ ጠበል ልትወስዳቸው ቀን ቆርጣለች። በመጨረሻ ጀግናችን ራሱ ተነሥቶ አስተባበረ። ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጣን። ማርና ቅቤ ተገዝቷል፤ ቅዳሜ አጥሚት ይዘን ቤታቸው ልንጠይቃቸው ነው።