ካቻቢቴ ለጨበጡ እጆች ምስጋና

ሃርድ ዲስክ ሲሞት የማይሞተው የባለቤቱ ልበ ሙሉነት ነው። ኮምፒውተሩ እንቢ ሲል መሳቢያው ይገለበጣል፤ ካቻቢቴ ይፈለጋል። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዓመታት ሥራ ዲስኩ ውስጥ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ለባለሙያ ይሰጣል? ነውር አይደለም እንዴ? እነዚህን ጀግኖች እስከ ዛሬ በወጉ ያመሰገናቸው የለም።

ጽናታቸውን ተመልከቱ። ዲስኩ «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ድምፅ የሚመጣው የዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት ቦታውን አጥቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ሲሞክር ነው። ፈሪ ሰው ቶሎ ብሎ ገመዱን ይነቅላል። የኛ ሰው ግን ያጠፋል፣ ያበራል። ያጠፋል፣ ያበራል። መሀል ላይ መታ መታ ያደርገዋል። የተጎዳው ጭንቅላት መረጃው የተጻፈበትን ሳህን እየፋቀው ከሆነ በተበራ ቁጥር ጥቂት ፎቶ ዱቄት ይሆናል። ይሁና! ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው።

ከዚያ ፍሪዘሩ አለ። ዲስኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ከበረዶው አጠገብ ያድራል። በድሮዎቹ ዲስኮች ላይ፣ ብረቱ በቅዝቃዜ ሲኮማተር የተጣበቀው ነገር ለጥቂት ደቂቃ ይላቀቃል እየተባለ ይወራ ነበር። ወሬው ከዚያ ወዲህ አልታደሰም። የቀዘቀዘ ዲስክ ወደ ሙቀት ሲወጣ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛው ሳህኑ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጭንቅላቱ ደግሞ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው። ግን ይህን ማን ይሰማል? ዲስኩ አድሯል፣ ቀዝቅዟል፣ ሥራው ተሠርቷል።

የጥበቡ ጫፍ ክዳኑን መክፈት ነው። ባለሙያዎች ይህን የሚያደርጉት አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ፣ ጓንት አጥልቀው ነው። ቅንጦት! የኛ ሰው አልጋው ላይ ይከፍተዋል። ብሎኖቹ ባለ ኮከብ ሆኑና ካቻቢቴው አልገባ አለ፤ ቢላዋ መጣ። አንዱ ብሎን ስቲከር ሥር ተደብቋል። ስቲከሩ «ከተነሣ ዋስትና የለም» ይላል። ተነሣ። ክዳኑ ሲላቀቅ የሚያብረቀርቅ ሳህን ብቅ አለ። ፊቱን አየበት፤ ፀጉሩን አስተካከለ። አቧራ ያየ መሰለውና «እፍ» አለበት። ከእፍታው ጋር ጠብ ያለችውን ምራቅ በአውራ ጣቱ ጠረጋት። ብዙ የዴስክቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ይሄኛው ከነአሻራው ይሽከረከራል።

የዲስኩን ቦርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን፣ የሚቀይሩትንም አንርሳ። ተመሳሳይ ሞዴል ገዝተው ቦርዱን ያዛውራሉ። በዘመኑ ዲስኮች ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ዲስክ ብቻ የተለካ መረጃ አለ፤ እሱ አብሮ ካልተዛወረ ነገሩ አይሆንም። ድሮ አንድ የማይሠራ ዲስክ ነበራቸው፤ አሁን ሁለት ሆነ።

ብረቱ ደህና ሆኖ ፋይል ብቻ የጠፋበትስ? የተሰረዘ ፋይል ከሃርድ ዲስክ ወዲያው አይጠፋም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ጀግናችን ፋይል ማዳኛውን ሶፍትዌር እዚያው ዲስክ ላይ ይጭነዋል። ፎቶውን ሊፈልግ የመጣው ፎቶው ላይ ተቀመጠ። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» (ባዶ ላድርገው?) ብሎ ሲጠይቅማ፣ የኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ «እሺ» ይላል።

አንዳንድ ደረቅ ሰዎች አሉ። ዲስኩ መንገዳገድ ሲጀምር ሥራ ያቆማሉ። ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም መጀመሪያ ደህናውን ክፍል፣ ከዚያ የታመመውን ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣሉ፤ የሚነካኩትም ግልባጩን ብቻ ነው። ከእነሱ የባሱት ደግሞ ቀድመው ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ ያላቸው ናቸው። ዲስክ ሲሞትባቸው አዲስ ገዝተው ኮፒ አድርገው ይተኛሉ። ላብ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ፍሪዘር የለ። ምን ዓይነት ኑሮ ነው?

የኛ ሰው በመጨረሻ ወደ ባለሙያ መሄዱ አይቀርም። ዲስኩ በፌስታል፣ የተረፉት ብሎኖች በኪስ።

«ተከፍቶ ነበር እንዴ?» ይላል ባለሙያው፣ አሻራውን እያየ።

«ኧረ በጭራሽ! እንዲሁ በራሱ ነው የቆመው።» ትንሽ ያስብና ጠጋ ይላል። «ግን ክዳኑን መክፈቱ ለአንተ ስለቀለለልህ፣ ዋጋው ላይ ትንሽ አትቀንስልኝም?»