ማኬይንን ከማድነቃችሁ በፊት

በየምርጫው ሰሞን አንድ ቪዲዮ ከተደበቀበት ይወጣል። በ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ ከባራክ ኦባማ ጋር የተፎካከረው የሪፐብሊካን ዕጩ ጆን ማኬይን ነው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2008፣ ሌክቪል፣ ሚኒሶታ። አንዲት ሴት ማይኩን ይዘው "ኦባማን አላምነውም፣ አረብ ነው" ይላሉ። ማኬይን ራሱን እየነቀነቀ ማይኩን ይቀበላቸዋል። የለም እመቤቴ፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፣ ዜጋ ነው፣ በመሠረታዊ ጉዳዮች ላይ አለመስማማታችን ብቻ ነው ይላቸዋል። በዚያው ስብሰባ ኦባማን የምትፈሩበት ምክንያት የለም ሲል የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። ይሄኔ ኮሜንቱ ይዘንባል። "ድሮ ፖለቲካ እንዲህ ነበር!"

ቪዲዮውን እኔም እወደዋለሁ። (አረብ ቢሆንስ ጨዋ አይሆንም እንዴ? የሚለውን ለጊዜው እንተወው።) የማይዋጥልኝ ከፊቱና ከኋላው የነበረው ተቆርጦ መቅረቱ ነው።

ሴፕቴምበር 15 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ ባንክ ከሰረ። ማኬይን በዚያው ቀን የኢኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው አለ፤ ሰው ቤቱንና ሥራውን እያጣ ይሄን መስማት አልፈለገም። ወሬው ኢኮኖሚ እስከሆነ ድረስ ማሸነፍ እንደማይችሉ የማኬይን ሰዎች ገባቸው። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አንድ አማካሪው የገንዘብ ቀውሱን ወሬ ዘግተን ወደ ኦባማ ማንነት እንዞራለን የሚል ነገር በአደባባይ ተናገረ። ሳይደብቁት!

ኦክቶበር 4 የምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩው ሳራ ፔሊን ኮሎራዶ ላይ ወጥታ ኦባማ "ከአሸባሪዎች ጋር ይወዳጃል" አለች። አሸባሪ የተባለው ቢል ኤየርስ ነው፤ የቬትናምን ጦርነት እየተቃወመ ቦምብ ያፈነዳ የነበረው የዌዘር አንደርግራውንድ ቡድን መሥራች። ቡድኑ በ1969 ሲመሠረት ኦባማ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ኤየርስ በኋላ ቺካጎ ውስጥ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ከኦባማ ጋር በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ተቀምጧል፣ በ1995 ኦባማ ለኢሊኖይ ሴኔት ሊወዳደር ሲል ቤቱ ትንሽ ዝግጅት አድርጎለታል። በዋናነት ይኼው ነው። ፔሊን የጠቀሰችው የኒውዮርክ ታይምስ ዘገባ ራሱ ሁለቱ የቅርብ ወዳጆች አይመስሉም ነበር ያለው።

ከሁለት ቀን በኋላ ማኬይን ራሱ አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ "እውነተኛው ባራክ ኦባማ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ "አሸባሪ!" ብሎ ጮኸ። ይሄንንም ፈልጋችሁ እዩት። ማኬይን ለአፍታ ቆም ይላል፣ ፊቱ ይኮማተራል፣ ከዚያ ንግግሩን ይቀጥላል። ጥያቄው መልሱን አግኝቷላ! ሌክቪል የመጣው ከዚህ በአራተኛው ቀን ነው። "አረብ ነው" የሚለው አሉባልታ ከማኬይን ሰፈር አልወጣም፣ አዎ፤ ግን "ማን እንደሆነ አታውቁትም" እየተባለ ስሙ ባዶ ሲደረግ ሰው ባዶውን በፍርሃቱ ይሞላዋል።

ከሌክቪል በኋላስ? ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 15፣ በመጨረሻው ክርክር ላይ ያረጀ አሸባሪ ግድ አይሰጠኝም ካለ በኋላ ኤየርስን መልሶ አነሳው። ቀጥሎ በየግዛቱ የሰው ስልክ መጮኽ ጀመረ። ከማኬይን ዘመቻ የተላከ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ኦባማ ካፒቶልንና ፔንታጎንን በቦምብ ከመታ ድርጅት መሪ ጋር በቅርበት ሠርቷል ይላል። የሜይኗ ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ፣ የገዛ ፓርቲው ሰው፣ ይሄን ጥሪ አቁሙ ብላ ጠየቀች።

ይሄ ሁሉ በሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን ባላስገረመኝ። ማኬይን ግን በ2000 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ለፓርቲው ዕጩነት ከጆርጅ ቡሽ ጋር ሲፎካከር የደረሰበትን ያውቃል። ሚስቱ ከባንግላዴሽ የሕፃናት ማሳደጊያ አምጥታ አብረው ያሳደጓትን ልጁን ከጥቁር ሴት በድብቅ የወለዳት ናት እያሉ በበራሪ ወረቀትና በስልክ አስወሩበት። ኒው ሃምፕሻየርን በሰፊ ልዩነት አሸንፎ የመጣ ሰው እዚያ ተሸነፈ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይሄኛው እባቡን አንስቶ ጎረቤት ላይ ወረወረው።

የኦባማ ሰፈርም ንጹሕ አልነበረም። ማኬይን ኢሜይል መላክ አይችልም ብለው በማስታወቂያ ሲያላግጡበት ሰውየው በቬትናም ጦርነት ተማርኮ ሃኖይ እስር ቤት ተሰቃይቶ እጆቹ የተጎዱ መሆናቸውን ማንም አላሰበም፣ ወይም አስቦ አልፎታል። ያም ነውር ነው። ግን በኮምፒውተር ችሎታ መሳቅና ተፎካካሪን ከአገር ጠላት ጋር ማሰለፍ አንድ አይደለም። በኮምፒውተሩ ቀልድ ማንም "አሸባሪ!" ብሎ አልጮኸም።

"አማካሪዎቹ ናቸው ያሳሳቱት" የሚሉ አሉ። እንዲያ እንዳልል አንድ ነገር ይይዘኛል። ማኬይን አሜሪካን በሚያወግዙ ስብከቶቹ ያነጋገረውን የኦባማን ፓስተር፣ የጀረማያ ራይትን ጉዳይ አትንኩ ብሎ ለቡድኑ ከልክሎ ነበር። ፔሊን ብታጉረመርምም ትዕዛዙ ተከበረ። አትንኩ ሲል ይሰሙት ነበር ማለት ነው። ስለ ኤየርስ እንዲህ አላለም።