ወንጌልን መመስከር የሰባኪዎች ሥራ ብቻ አይደለም
«ወንጌልን ማካፈል የተሾሙ ሰባኪዎች ኃላፊነት ነው፤ የምእመን ድርሻ መስማት ነው» የሚለው አሳብ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይስማማም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ቁጥር 1ን እና 4ን አብረው ቢያነቧቸው፣ ከእስጢፋኖስ ሞት በኋላ በተነሣው ስደት ሐዋርያቱ በኢየሩሳሌም ሲቀሩ፣ ቃሉን እየሰበኩ የዞሩት የተበተኑት ምእመናን እንደ ነበሩ ያገኛሉ፤ ይህም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነጥብ አይመስለኝም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የምናገኛት ሳምራዊት ሴትም ሹመት አልነበራትም፤ እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ገባች፣ የገጠማትንም ለሰዎቹ ነገረቻቸው፣ ያውም «እርሱ ክርስቶስ ይሆንን?» እያለች በመጠየቅ። ኤፌሶን 4፥11 ወንጌል ሰባኪዎችን ለይቶ መጥቀሱ እውነት ነው፤ ቁጥር 12 ግን የተሰጡት ቅዱሳንን ለአገልግሎት ለማዘጋጀት መሆኑን ይናገራል።