ፕላኔቷን ከመመርመር በፊት ኮከቧን ማወቅ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ርቃ ስለምትገኘው ኬ2-18ቢ የተባለች ፕላኔት አንድ ነገር አስታወቁ። በምድር ላይ በዋናነት የባሕር ደቂቅ ዘአካላት የሚያመነጩትን ዓይነት ጋዝ ምልክት በከባቢ አየሯ ውስጥ ሳናይ አልቀረንም አሉ፤ ዜናውም ሰማያዊ ውቅያኖስ ከሚታይባቸው ሥዕሎች ጋር በአንድ ጀንበር ዓለምን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ በየራሳቸው መንገድ ፈትሸው፣ ምልክቱ ከልኬቱ ሁከት በግልጽ ተለይቶ እንደማይወጣ ጻፉ። እንዲህ ያለው ክርክር የሳይንስ ጤናማ ጠባይ ነውና አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ፣ ስለ ፕላኔቷ ያን ያህል ሲወራ መረጃውን የሰበሰበው የዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ በእርግጥ የለካው የማንን ብርሃን እንደሆነ ብዙም አለመጠየቁ ነው። የተለካው በፕላኔቷ ከባቢ አየር ውስጥ አልፎ የመጣው የኮከቧ ብርሃን ነው፤ ፕላኔቷን ራሷን ማንም አላያትም።

የዘዴው መነሻ ቀላል ነው። አንዲት ፕላኔት በእኛና በኮከቧ መካከል ስታልፍ ከብርሃኑ ጥቂቱን ትጋርዳለች፤ ብርሃኑ በእኩል የጊዜ ልዩነት ደጋግሞ ከቀነሰ ፕላኔት መኖሯ ይጠረጠራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ሻርቦኖና ቲሞቲ ብራውን የብርሃን መቀበያው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በሆነ ቴሌስኮፕ፣ ኤችዲ 209458 የተባለው ኮከብ በየ3 ቀን ተኩሉ ለሦስት ሰዓት ያህል በ1.5 በመቶ ገደማ እንደሚደበዝዝ ከኮሎራዶ ሆነው አሳይተዋል። በዚያው ሰሞን ግሪጎሪ ሄንሪ በአሪዞና የነበረ ቴሌስኮፕ ተጠቅሞ ያንኑ መደብዘዝ አይቷል። የፕላኔቷ መኖር ቀደም ሲል፣ በስበቷ ስትጎትተው ከሚታየው የኮከቡ ውዝዋዜ ታውቆ ስለነበር፣ ሁለቱ ልኬቶች አንዱ ሌላውን አጸኑ።

ሥራው በተግባር ሲታይ ከትልቅ መሣሪያ ይልቅ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሣሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ የሚጠናው ኮከብ ብርሃን በአቅራቢያው ካሉ ኮከቦች ብርሃን ጋር ይነጻጸራል። ስስ ጉም ቢያልፍ ሁሉንም በአንድነት ስለሚያደበዝዝ ንጽጽሩን እምብዛም አያዛባውም፤ አንዱ ኮከብ ብቻ ሲደበዝዝ ግን ነገሩ ይለያል። ብሩህ ኮከብ በሚለካበት ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች ሆን ብለው ቴሌስኮፑን ከትኩረት ያወጡታል። የኮከቡ ብርሃን በካሜራው ብዙ ነጥቦች ላይ ሲፈስ የአንዷ ነጥብ ጉድለት ውጤቱን አያበላሸውምና፣ ጥሩ የብርሃን ለኪ አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ፎቶ አንሺ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ልኬት የሚሰጠን ንጽጽር ብቻ ነው። የቀነሰው ብርሃን የሚነግረን ፕላኔቷ ከኮከቧ ስንት እጅ እንደምታንስ እንጂ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሰፋ አይደለም። ከሩቅ ሆኖ ፀሐያችንን የሚመለከት ቢኖር፣ ጁፒተር በፊቷ ስታልፍ ብርሃኗ በ1 በመቶ ያህል ሲቀንስ ያያል፤ መሬት ስታልፍ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 84 እጅ ያህል ብቻ ይቀንሳል። የኮከቡን ስፋት በ20 በመቶ አሳንሶ የገመተ ሰው የፕላኔቷንም ስፋት በ20 በመቶ ያሳንሳል፤ በእውነት ጥቅጥቅ ባለ ጋዝ የተሸፈነችው ዓለም በእርሱ ሠንጠረዥ ላይ ዐለታማ ሆና ትመዘገባለች።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚቀር ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀችው የኬፕለር መንኮራኩር በሺህ የሚቆጠሩ ፕላኔቶችን ካገኘች በኋላም ቢሆን፣ የኮከቦቹ ስፋት በአማካይ ከሩብ በማያንስ የስህተት ህዳግ ይታወቅ ስለነበር፣ ፕላኔቶቹ በመጠን ሲደረደሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚቀጥል ደብዛዛ መስመር ይመስሉ ነበር። ከዚያ በሃዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑትን የእነዚያን ኮከቦች ብርሃን በኅብረ ቀለም፣ ማለትም ወደ ቀለማቱ ዘርዝሮ፣ ተንትኖ ስህተቱን ወደ 10 በመቶ ገደማ አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት፣ ከመሬት 1.5 እና 2 እጥፍ በሚሆኑት መጠኖች መካከል ፕላኔቶች በቁጥር በጣም የሚያንሱበት ክፍተት እንዳለ አሳየ፤ ይህም ዐለታማዎቹን ወፍራም ከባቢ አየር ካላቸው የሚለይ ድንበር ነው። ስለ ፕላኔቶች አፈጣጠር በዘመናችን ከተገኙት ዋና ዋና እውነቶች አንዱ ይህ ሲሆን፣ የተገኘው አንድም አዲስ ፕላኔት ሳይታደን፣ ኮከቦቹ እንደገና በመለካታቸው ብቻ ነው።

ኬፕለር ራሷ ከኮከቦች ጠባይ የተነሣ ተፈትናለች። ንድፏ የተሠራው ፀሐይን የሚመስሉ ኮከቦች እንደ ፀሐይ ጸጥ ያሉ ይሆናሉ በሚል ግምት ነበር፤ ሲለኩ ግን አብዛኞቹ ከተጠበቀው በላይ የሚዋዥቁ ሆነው ተገኙ። የመሬትን መጠን ያላትን ፕላኔት ከዚህ መዋዠቅ መለየት በሚንቀጠቀጥ ሚዛን ላይ አንዲት ፍሬ ቡና እንደ መመዘን ነው፤ ማካካሻው ደጋግሞ መመዘን፣ ማለትም ረዘም ላለ ዓመት መመልከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አቅጣጫዋን ከሚጠብቁት መሽከርከሪያዎች ሁለተኛው ሲሰበር ያ ዕድል ተዘጋ። ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ በአንድ ዓመት የምትዞር፣ መሬትን የምታክል ፕላኔት ያላጠራጠረ ዝርዝር ውስጥ ያልገባችው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ትናንሾቹ ቀይ ኮከቦች መውጫ መንገድ መስለው ነበር። 40 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ትራፒስት-1 በስፋቱ ከጁፒተር ብዙም ስለማይበልጥ፣ መሬትን የምታክል ፕላኔት በፊቱ ስታልፍ ብርሃኑን እስከ 0.7 በመቶ ድረስ ትቀንሰዋለች። የመጀመሪያዎቹን ፕላኔቶቹን ያገኘው በቺሊ የቆመ፣ ትራፒስት የተባለ ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ሰባት መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ተነገረ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ኮከብ ነጠብጣብ፣ ማለትም ከዙሪያው የቀዘቀዘና የደበዘዘ ቦታ፣ እንዲሁም ነበልባል ይበዛበታል። የዌብ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያዋን ፕላኔት፣ ትራፒስት-1ቢን፣ ስታልፍ ሲመለከት በኅብረ ቀለሙ ላይ ጎልቶ የታየው የኮከቡ ነጠብጣብ አሻራ ነበር። በቀዝቃዛ ነጠብጣቦች ውስጥ የውኃ ትነት ሊኖር ስለሚችል፣ የኮከቡን ውኃ የፕላኔቷ ነው ብሎ ማሰብ እውነተኛ አደጋ ነው። ፕላኔቷ ከኮከቡ ጀርባ ስትሰወር የሚጎድለውን የሙቀት ብርሃን መለካት ይህን ችግር ይቀንሰዋል፤ በዚህ መንገድ የትራፒስት-1ቢ ቀን ፊት ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚሞቅና ወፍራም ከባቢ አየር ያላት እንደማትመስል ለማወቅ ተችሏል። መንገዱ ግን የሚሠራው ለሞቃት ፕላኔቶች ነው፤ ለሕይወት ይመቻሉ ለሚባሉት ቀዝቀዝ ላሉት ይከብዳል።

ትልቅ ቴሌስኮፕ ሲመጣ ሁሉም ይፈታል የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ መስተዋት ሲሰፋ የኮከቡም ነጠብጣብ አብሮ ይጎላል እንጂ አይጠፋም። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ያሰናዳው፣ 26 ካሜራዎች የሚሸከመው ፕላቶ የተባለው መንኮራኩር ይህን በሚገባ የተረዳ ይመስለኛል። ፕላኔቶችን ከመፈለግ ጎን ለጎን የኮከቦቹን የውስጥ ንዝረት ከብርሃናቸው ለክቶ ስፋታቸውንና ዕድሜያቸውን እንዲያወጣ ታቅዷልና።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም ሲያስወጣ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል ብላለች። ስሙ ያማረ ነው፤ ይሁንና አቦል የተገኘችው በኮከቧ ውዝዋዜ ስለሆነ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ መጠነ ቁስ እንዳላት እንጂ ስፋቷ ምን ያህል እንደሆነ አልተለካም። ቡናን ለመዞር ወደ ሦስት ዓመት ስለሚጠጋባት በፊቱ ስታልፍ ልናያት የምንችልበት ዕድልም ኢምንት ነው።

እንጦጦ ላይ ግን፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። የክረምቱ ደመናና የአዲስ አበባ መብራት ደብዛዛ ኮከቦችን ለማጥናት እንቅፋት መሆናቸው አይካድም፤ ስለዚህ ከሩቅ ጋላክሲ ጋር መታገልን ትቶ፣ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ፕላኔቶቻቸውን የሚመረምሩባቸውን ብሩህ ኮከቦች መርጦ፣ ነጠብጣባቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ በተለያየ የብርሃን ማጣሪያ ወራትን ሙሉ መከታተል ቢያዝ እመርጣለሁ። የዌብ ጊዜ ውድ ስለሆነ አንድን ኮከብ በየሌሊቱ ሊጠብቅ አይችልም፤ የእኛው ቴሌስኮፕ ይችላል። በሞሮኮ ኡካይመደን ላይ የቆመው ሁለተኛው የትራፒስት ቴሌስኮፕ ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያ ማነስ ምክንያት ሊሆነን አይገባም።

የመጀመሪያው ፈተና ኤችዲ 209458 ቢሆን ደግ ነው። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ከምሽቱ ጀምሮ ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ መቼ እንደሚደበዝዝም በደቂቃ ይታወቃል። ውጤቱ ከታወቀው 1.5 በመቶ ምን ያህል እንደራቀ ሲለካ የመሣሪያችን ስህተት ስንት እንደሆነ በአኃዝ እናውቃለን፤ የትኞቹን ኮከቦች መከታተል እንደምንችል መወሰን የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው።