ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ እንጂ ጆንያው ውስጥ አይገባም

ጅማ ላይ ቡና የያዘ ሰው አንድ ነገር ሳይማር አያልፍም፤ ቡና ሽታ ይስባል። ጆንያው ከበርበሬ፣ ከሳሙና ወይም ከናፍጣ በርሜል አጠገብ ከከረመ ቀማሹ «ባዕድ ሽታ አለው» ይላል፣ ደረጃውም ይወርዳል። እዚሁ ከተማ ግን ሲኒ ውስጥ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ነውር የለውም፤ ጨው የሚጨምርም፣ ቅቤ የሚጨምርም አለ። ሲኒው ላይ የሚጨምረው ጠጪው ራሱ ነው፣ የጨመረውንም ያውቀዋል። ጆንያ ውስጥ የገባ ሽታ ግን አይወጣም፤ ይባስ ብሎ ከሥሩ ያለው ቡና ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሸፍናል።

ጣዕም የተጨመረበትን ሲጋርም መመዘን ያለብን በዚሁ ሚዛን ነው። ሲጋር ስንል በወረቀት የተጠቀለለውን ሲጋራ ሳይሆን ወፍራሙን፣ በትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለውን ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ለሰርግ ወይም ለምረቃ ብሎ ቫኒላ፣ ቼሪ ወይም «ቡና» የሚል ሣጥን ይዞ ሲመጣ ስጦታውን መናቅ አይገባም፤ ቢሆንም ለጅማ ሰው ቡና ቡና የሚል ሲጋር ማምጣት ለቀባሪ ማርዳት ነው።

አገር ውስጥ መሸጡ እንኳ ሕገወጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከሺሻና ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጋር ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ማንኛውንም ትምባሆ መሸጥንም እንዲሁ። ክልከላው ልክ ነው እንላለን። ጣፋጩ የጭሱን ሸካራነት ስለሚደብቅ ጀማሪውን፣ በተለይ ወጣቱን፣ ያባብለዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ጣዕም ያላቸውን ሲጋራዎች ከሜንቶል በስተቀር ስታግድ ሲጋርን ትታው ነበር። ክፍተቱን ለመዝጋት በ2022 የቀረበው ረቂቅ ደንብም በ2025 መጀመሪያ ላይ ተነሥቷል።

ጣዕሙ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያውና የተሻለው፣ ቅጠሉን ከዕፅዋት፣ ከዘይት ወይም ከቡና ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ማቆየት ነው፤ ኒካራጓ ኤስቴሊ የሚገኘው ድሩ እስቴት «አሲድ» በተባሉት ሲጋሮቹ የታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው በአልኮል ወይም በግሊሰሪን የተበጠበጠ ማጣፈጫ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። ሦስተኛው አፍ የሚነካውን ጫፍ ብቻ ማጣፈጥ ነው። ለመለየት አይከብድም። ከመለኮሱ በፊት ጫፉን በምላስ ነካ ያድርጉት፤ ስኳር ካለ ወዲያው ይታወቃል፣ ይህ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ላስቲኩ ሲከፈት ሽቶ ሽቶ ካለ የተረጨ ነው። ውስጡ የተቆራረጠ ፍርፋሪ ከሆነና መጠቅለያው ደም ሥር የሌለው፣ እንደ ወረቀት ለጥ ያለ ከሆነ፣ ማጣፈጫው ምን ሊሸፍን እንደገባ መጠየቅ አያስፈልግም።

ታዲያ የቡናና የኮኮዋ ጣዕም የፈለገ ሰው ምን ይምረጥ? ማዱሮ የሚባለውን፣ ጥቁር መጠቅለያ ያለውን፣ ምንም ያልተጨመረበትን። ቅጠሉ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚብላላ ጣፋጭነቱና የቡናማ ጣዕሙ ከራሱ ይወጣል። የሜክሲኮው ሳን አንድሬስና የብራዚሉ ማታ ፊና መጠቅለያዎች በዚህ ይመሰገናሉ። እሸት ቡና በአልጋ ላይ በፀሐይ ሲደርቅ ጣፋጭነቱ ወደ ፍሬው እንደሚዘልቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይፈልግም። ለጀማሪ ቡናማ ቀለሙ ፈካ ያለው፣ ኮኔክቲከት የሚባለው መጠቅለያ ይለዝባል።

አለኳኮሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚቆረጠው አፍ የሚነካው ክቡ ጫፍ ነው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፤ ወደ ታች ከወረደ መጠቅለያው ይተረተራል። እሳቱ ሲጋሩን ሳይነካ፣ ሲጋሩ እየዞረ፣ ጠርዙ እኩል እስኪፈም ይጠበቃል። ክብሪት ከሆነ የድኙ ሽታ እስኪጠፋ ይታገሣል፤ በቤንዚን የሚሠራ ላይተር ግን ሽታውን ጥሎ ይሄዳል። ከቡናው ማንደጃ ፍም አንሥቶ መለኮስ ያምራል፣ ግን እጣን የተነሰነሰበት ፍም ከሆነ የሚጨሰው እጣን ነው። ከዚያ በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ሲሳብ ሲጋሩ ይግላል፣ የተጨመረ ስኳር ካለበት ይከስላል፤ «መጨረሻው መረረኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ጭሱ ወደ ሳንባ አይሳብም፣ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል እንጂ። ይህ ግን ከአደጋ አያድንም፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ባይውጡትም ይመጣል። በባዶ ሆድ ያጨሰ ሰው ላብ ላብ ሊለውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ከጫት ጋርም አይሄድም፤ ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ።

ሮቡስቶ የሚባለው መጠን (ከሮቡስታ ቡና ጋር ዝምድና የለውም) ርዝመቱ 12.7 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ከአቦል እስከ በረካ ማለት ነው። አቦሉ ሲወፍር ሲጋሩ ገና ለስላሳ ነው፤ ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ሲጋሩ ይበረታል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ። ቡናው ሳይጠቁር፣ መካከለኛ ሆኖ ይቆላ፤ ያረረ ቡናና ጥቁር ሲጋር ሲገናኙ ከመራራ በቀር የሚቀር ነገር የለም። ቦታው ግን ደጅ ነው፣ ልጆችና ቡና አፍዪዋ በሌሉበት።

አቀማመጡ ላይ የውጭ ምክር ጅማ ላይ ይገለበጣል። ደረቅ አገር ያለ ሰው ውኃ ጨምር ይላል፤ የእኛ ችግር ዝናብ ነው። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ሲከማች እንደሚሻግት ሁሉ፣ ሲጋርም የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ አልፎ ሲቆይ ያብጣል፣ አልሳብ ይላል፣ እየጠፋ ያስቸግራል፣ ከዚያም ሻጋታ ያወጣል። ከ65 እስከ 68 በመቶ ይበቃል። እርጥበት የሚሰጥም የሚቀበልም፣ «65» የሚል ጽሑፍ ያለው ትንሽ ከረጢት ክዳኑ ጠበቅ ባለ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ለሲጋር ተብሎ ከሚሠራ ውድ የእንጨት ሣጥን ይሻላል። የእርጥበት መለኪያውን ለመፈተሽ በጠርሙስ ክዳን ላይ አንድ ማንኪያ ጨው በጥቂት ጠብታ ውኃ አርጥቦ፣ ከመለኪያው ጋር ዝግ ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ማቆየት ነው፤ 75 ካላሳየ ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፍሪጅ አይሆንም፤ ያደርቃል፣ የወጥ ሽታም ያስይዛል።

ያ የስጦታ ሣጥን ደግሞ የራሱ ጠርሙስ ይኑረው። ቫኒላው ካልተጨመረበት ሲጋር ጋር ከከረመ ሁሉም ቫኒላ ይሆናል፤ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከገባማ እንጨቱ ሽታውን ለዓመታት ይዞት ይቀመጣል። ጠርሙሱ ሲለቀቅ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ የክዳኑ ጎማ ግን ይቀየር፣ እሱን ሽታው አይለቀውም።